ገዱን ያላዳነው ደብተር

ደባርቅ፣ የካቲት

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላው ደህና ነው፣ ተመስገን። ስኳርሽ እንዴት አድርጎሻል? እግርሽን የሚያቃጥልሽስ ተወሽ? ባልሽ ያርጋል በደህና ገባ? ገብሴን ወቅቶ ጎተራ አስገብቶልኝ ነው የሄደው፤ ክፉ አይንካው። ሦስት ማለዳ በቤቴ ወንድ ሲያስል ሰማሁ። አንቺ ሳሉ እንደሚያስመርርሽ ስትነግሪኝ ኖረሻል። እኔ ግን፣ ይህን ሳል በየቀኑ የምትሰማው እሷ ናት እያልኩ ስቀናብሽ ነበር።

የምጽፍልሽ ስለ ስብሰባው ነው። ያርጋል እዚህ በነበረበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ፣ ከወረዳ የመጣች ልጅ ስለ ጤና መድኅን ተናገረች። ሁሉም አባወራ ይግባ፣ ለድሃው መንግሥት ይክፈልለት፣ ጤነኛው ካልከፈለ በሽተኛው አይታከምም አለች። የእድራችን ዳኛ አቶ ሰጠኝ ቀበል አድርገው፣ «ልጄ፣ ስድሳ ዓመቴ ነው፤ መርፌ ነክቶኝ አያውቅም። በሰው ሆድ ቁርጠት እኔ ለምን እከፍላለሁ?» አሉ። ጎረቤቴ የሺወርቅም፣ «በግድ ከሆነማ ግብር በሉትና እንረፍ! ከፍለን ስንሄድስ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ አይደል የምትሉን?» አለች። መሪጌታ ተክለ ማርያም ተቆጥተው፣ «ለእድር ስትከፍሉ ሞት ተመኝታችሁ ነው?» ቢሉ፣ አቶ ሰጠኝ፣ «እድርማ ንፍሮ ያበላል፣ መሪጌታ!» አሉና ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ያርጋል ተነሣ። እንግዳ ነኝና ይቅርታ ብሎ ሸሚዙን ገለጠና የሆዱን ስፌት አሳየ። «ጎንደር በዚህ በመድኅኑ ደብተር ባልታከም ዛሬ እዚህ አልቆምም» አለ። አቶ ሰጠኝ ግን፣ «ገዱስ? የሚስትህ እህት ባል ደብተር አልነበረውም? ምን ጠቀመው?» አሉት። ያርጋል ሸሚዙን መልሶ ቆለፈ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ስንመለስ ያርጋል፣ «እውነታቸውን ነው። እኔን ያተረፈኝ ዕድሌ ይሆናል እንጂ፣ ገዱን ካላዳነ ደብተሩ ለእኛ ምን ያደርጋል? ዘንድሮ አናሳድሰውም» አለኝ። የአንቺ መድኃኒት በዚያ ደብተር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ለምን ብትይ፣ አንቺም አንድ ቀን ጤና ጣቢያ በር ላይ ባዶ እጅሽን ብትቆሚ ብዬ ተመኝቼ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንቺ ዳባት አክስታችን ዘንድ ለትምህርት ስትላኪ እኔ ቤት ቀረሁ። ፊደል የለቀምኩት አንቺ ለክረምት ስትመጪ ከምትጥያቸው ደብተሮች ነው። ጫማሽ፣ ቤትሽ፣ ሣቅሽ እንኳ ከእኔ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ገዱ በዚያው በሽታ፣ በዚያው መንገድ ሄዶ ቀረ፤ ያንቺው ከሁለት ዓመት በኋላ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ።

ገዱ ማንበቤን እንደ ሀብት ይቆጥረው ነበር። የልጅሽ የሕሊና ሠርግ በነበረበት ጥር የመመዝገቢያውን ገንዘብ አምጥቶ በእጄ አስቀመጠ። «አንቺ አንብበሽ አስመዝግቢን» አለኝ። ቀኑ የደባርቅ ገበያ ነበር። ስመለስ፣ «ተመዘገብን?» አለኝ። ተመዘገብን አልኩት። እሱም ላገኘው ሁሉ አወራ።

በሠርጉ ዕለት የነጠላዬን ጥለት ይዘሽ፣ «ገዱ እንዲህ ያለ ይገዛል እንዴ!» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እሱ ነው የገዛልኝ አልኩሽ። ዓይንሽ ላይ ቅናት ያየሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ግንቦት ላይ ሆዱ ተነፋ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ አንጀቱ ተጠማዟል፣ አሁኑኑ ጎንደር ይሂድ አለ። ገዱ ግን፣ «ደብተር እያለኝ በሬ አልሸጥም፤ ደብተሬ ይምጣ» ብሎ ከጤና ጣቢያው አልጋ አልነሣም አለ። ባለሙያው፣ «ደብተሩ በኋላ ይደርሳል፣ መኪና ግባ» ብሎ ቢለምነውም እምቢ አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሂጂ አምጪው» አለኝ። ሄድኩ። ዳገቱን ሮጥኩት። ቤት ደርሼ ሣጥኑን ከፈትኩና ፈለግኩ፣ እታለም። የሌለ መሆኑን እያወቅኩ ልብሱን አንድ በአንድ አራገፍኩ። ተመልሼ አጣሁት ስለው፣ «ግድ የለም፣ በሬው ይሸጥ» አለ። አልተቆጣኝም። ዳባትን አልፈን አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ መኪናው ውስጥ ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ፣ ደብተሩም አላዳነው አልኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ያ ቃል ይኸው አራት ዓመት ሙሉ በአቶ ሰጠኝ አፍ ይኖራል፤ ስንቱን ሰው ከመዝገብ እንዳስቀረ አላውቅም።

ደብተር አልነበረንም፣ እታለም።

ምዝገባው የካቲት ሠላሳ ይዘጋል። ደብዳቤውን ለሚያመጣልሽ ሾፌር ያችን ነጠላም ሰጥቼዋለሁ። ከሠርጉ ወዲህ አልለበስኳትም፤ አንቺም አትልበሻት። ቅዳሜ ሽጪያትና የጎደለውን ጨምረሽ ደብተርሽን አሳድሺ። በምን እንደተገዛች አትጠይቂኝ፤ ማንበብ ከእኔ በፊት የተማርሽው አንቺ ነሽ።

ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ ለያርጋል ስጪው። በመጪው እሑድ ስብሰባው ይቀጥላል። ይምጣና፣ አቶ ሰጠኝ የገዱን ስም ሲያነሡ ተነሥቶ ያንብብላቸው። እኔ ላንብበው ብል ድምፄ አይወጣም። ግን ከፊት እቀመጣለሁ፤ አሁን መሬት አላይም።

አምላክ እግርሽን ያብርድልሽ። ያርጋልን ከነሳሉ ያኑርልሽ።

ታናሽ እህትሽ