በጋራዤ ውስጥ ስለሚጾሙት አርባ አራት ዶሮዎች

ለተከበሩ አቶ ብርሃነመስቀል ዓለምብርሃን
የስኮትዴልና አካባቢው የቅዱስ ገብርኤል ጽዋ ማኅበር ሊቀ መንበር
አቮንዴል እስቴትስ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና እንደ ልብ ለሚንጎራደዱበት ሰፊ ቤትዎ የከበረ ሰላምታዬን የማቀርበው፣ ጾሙ ጉልበትዎን እንዳላደከመው፣ ስግደቱም ወገብዎን እንዳላሳመመው ተስፋ በማድረግ ነው። ስሜ መርዕድ ለገሰ ይባላል። የማኅበሩ አባል ከሆንሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤ ባለፉት አምስት ሳምንታት ግን ሁሉም ሰው «ፍሪዘሩ ቤት» እያለ ስለሚጠራኝ፣ ስሜ ጨርሶ እንዳይረሳ ብዬ ከነአባቴ ጻፍሁት። ደብዳቤውን በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በግልጽ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የጋራዤ መክፈቻ ኮድም የወጣው እዚያው ላይ ነውና።

ምስጋና ይቅደም። አባቴ አገር ቤት ያረፈ ጊዜ ማኅበሩ ሳልጠራው መጥቶ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀምጧል። እናቴ ወይዘሮ ዘሪቱ ዐምና ለሕክምና ስትመጣም ኤርፖርት ድረስ አበባ ይዘው ከተቀበሏት አንዱ እርስዎ ነዎት። ይህን አልረሳሁም። መርሳት ብችል ኖሮ ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ፣ ኮዱን ቀይሬ አርፌ በተቀመጥሁ ነበር።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልለፍ።

አንደኛ፦ በቅበላ ሳምንት በተደረገው ስብሰባ፣ እኔ የኤርፖርት ሻትል እየነዳሁ ሳለ፣ የማኅበርተኛው የፋሲካ ዶሮ ከወዲሁ ተገዝቶ እኔ ቤት እንዲቀመጥ በጭብጨባ ስለወሰኑልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጸሐፊያችን ወይዘሪት መሲ የያዙት ቃለ ጉባኤ «አቶ መርዕድ በደስታ ተቀብለዋል» ይላል፤ መደሰቴን እኔ የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ በአባልነት ካርድ ብቻ የሚያስገባው የጅምላ መደብር ካርድ ያለኝ እኔ ስለሆንሁ መሆኑ ተነገረኝ። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ፎቶ የእኔ በመሆኑ ካርዱን ማዋስ ስላልተቻለ እኔኑ ማዋስ ተመረጠ። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመደብሩ በር ላይ ቆሜ ማኅበርተኛውን በየተራ አስገባለሁ፣ ካሸሩ ዘንድ አብሬ እሰለፋለሁ፣ ጋሪ እገፋለሁ፣ ከዚያም የሰው ዕቃ ጭኜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ሶስና ቅዳሜን ከእኔ ጋር ካሳለፈች ወር አልፏታል።

ሁለተኛ፦ ዶሮ መርከሱን አይተው ወዲያው እንዲገዛ በማዘዝዎ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥጋ በካርቶን የሚገዛ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ካሸሩም ይህን ሁሉ አይቶ ፓርቲ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ አዎ፣ ከሁለት ወር በኋላ ብዬ መልሼለታለሁ። ለሃያ ሁለት ቤተሰብ ሁለት ሁለት ሲታሰብ ዶሮው አርባ አራት ነው። ስልሳ ስልሳ የያዘ አሥራ አንድ ካርቶን እንቁላል፣ ስድስት ካርቶን ለጋ ቅቤ፣ ለቁሌት የሚሆን አሥር ጆንያ ሽንኩርትም አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ቤቱ ሲጠበው ጥቂት ጥቂት እየበላ ቦታ ያስለቅቃል። እኔ ግን ሽሮዬን በልቼ ዶሮ እጠብቃለሁ። ሽንኩርቱ እንኳ የጾም ነው ብዬ ሁለት ራስ ለመውሰድ ብጠይቅ፣ ወይዘሪት መሲ ለወጡ የተቆጠረ መሆኑን በትሕትና አስታወሱኝ። አሁን አብቅሏል፤ አረንጓዴው ከጆንያው ወጥቷል፤ እሱም የተቆጠረ እንደሆነ ይንገሩኝ።

ሦስተኛ፦ ዶራቪል ከተማ ሥጋ ቤቱን ከዘጋ ሰው የገዛችሁት ፍሪዘር ጋራዤ ሲገባ መኪናዬ ወጣች። ቤትዎ በተባረከ ዕለት እየዞርን ያደነቅነው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ፣ ባዶውን መሆኑን አንድ ሰው ቢያነሳ፣ አዲስ ምንጣፍ መነጠፉን ገልጸዋል አሉ። እግዜር ምንጣፉን ይጠብቅልዎ።

አራተኛውን በቁጥር ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልማድ ነውና ይቁጠሩልኝ።

እናቴ ሳንባዋ ታሟል፤ ቀንም ሌትም የኦክስጅን ማሽን አይለያትም። ደረጃ መውጣት ስለማትችል የምትተኛው ከጋራዡ ጎን ባለችው ክፍል ነው። ቤቴ አሮጌ ነው፤ ያቺ ክፍልና ጋራዡ መብራት የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው፤ ማሽኑና ፍሪዘሩ አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርድና መብራቱ ይጠፋል። ኤሌክትሪሻኑ አዲስ መስመር ለመሳብ ከካውንቲው ፈቃድ ማውጣት እንዳለብን ነግሮን፣ ማመልከቻ አስገብተን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው የእናቴን ማሽን እዚያው ትቼ፣ ፍሪዘሩን በረጅም ገመድ ከወጥ ቤት ሰካሁት። ይህንንም ለእርስዎ በስልክ አስረድቼ፣ ዶሮው ወደ ሌላ ቤት እንዲዛወር ብለምንዎ፣ ከፋሲካ በፊት ማንቀሳቀስ ለዶሮው ጥሩ እንዳልሆነ መለሱልኝ።

የደብረ ዘይት እሑድ እኔና ሶስና ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ከማኅበርተኞች አንዱ በኮዱ ከፍቶ ገብቶ፣ ተጨማሪ ዕቃ አስቀምጦ ሲወጣ ገመዱን በእግሩ ነቀለው። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ማንም ሊሆን ይችላል። ፍሪዘሩ መጮኽ ጀመረ። እናቴ ድምፁን ተከትላ ግድግዳውን ይዛ ወጣች፤ ገመዱ ከወዴት እንደመጣ ልታገኘው አልቻለችም። ለእኛ ብትደውል ቅዳሴ እንዳታስቋርጠን ፈራች። ከዚያ የራሷን ማሽን ከግድግዳው ነቅላ የእናንተን ፍሪዘር ሰካችበት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ አገኘናት። አምቡላንስ ጠራን፤ ሰዎቹ አልጋቸውን ይዘው በሽንኩርት ጆንያ መሀል ማለፍ አቅቷቸው እናቴን በክንዳቸው ተሸክመው አወጧት። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድራ ትናንት ተመለሰች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ የገብርኤል ማኅበር አደራ እኛ ቤት ተበላሸ እንዳይባል ብላ መሆኑን ነገረችኝ። አቶ ብርሃነመስቀል፣ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሷ የሰማችው የማኅበሩን ስም ነው፤ እርስዎ ያስቀመጡት ዶሮ ነው፤ ይህን ሳላስረዳት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ማኅበሩን እንዳልተው፣ በአባቴ ሞት ያስተዛዘኑኝ ሰዎች ናቸው፤ ነገ እኔን የሚቀብሩኝም እነሱ ናቸው። ዕቃውን አውጥቼ በረንዳ ላይ እንዳልደረድር፣ የሃያ ሁለት ቤት ፋሲካ ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ እሑድን አይቻለሁ። በገዛ ቤቴ ውስጥ ከዶሮ ፈቃድ ስጠይቅ ከረምሁ። ሰለቸኝ፤ ተናድጃለሁም።

ስለሆነም እስከ ፊታችን ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ ፍሪዘሩ ከነሙሉ ይዞታው ወደሚመችዎ ቦታ እንዲነሳ በታላቅ ትሕትና እየጠየቅሁ፣ በዚያ ሰዓት የትም ሳልሄድ ለመሸከም ዝግጁ መሆኔን አረጋግጣለሁ። የመደብሩንም ካርድ የምሰርዝ መሆኔን ማኅበርተኛው ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ፋሲካን በሙሉ ጤንነት እንዲያደርስዎ፣ ሞሰብዎን እንዲሞላልዎ፣ ውሳኔዎንም ሁሉ እንደ በፊቱ በጭብጨባ እንዲያጸናልዎ የምመኝ፣ በደስታ መቀበሉን ከቃለ ጉባኤ የተረዳው ታዛዥዎ፣

መርዕድ ለገሰ
ስኮትዴል፣ ረቡዕ መጋቢት 9 ቀን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። በማኅበር ላይ እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ ገሥጻኝ፣ ቅዳሜ ያልሁትንም ለፋሲካ እንዳደርገው ለመነችኝ፤ እስከዚያው ለፍሪዘሩ ስትል ማሽኗን ቀን ቀን እየነቀለች እንደምትችለው፣ እሑድም ሁለት ሰዓት ችላው እንደነበር አስረዳችኝ። ይህን እንደሰማሁ ተነሥቼ ፍሪዘሩን ነቀልሁት። ክዳኑ ካልተከፈተ አንድ ቀን ያህል ሳይቀልጥ ይቆያል ይላሉ። የነቀልሁት ዛሬ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው።