ፍሪጅ ያደሩት ዲስኮች

ሰኞ፣ ግንቦት 5/88፣ ከሰዓት

የኮምፒውተሩን ድራይቭ ማንበቢያ ሄድ በአልኮል ጠረግኩ። ደግሜ ጠረግኩ። ዲስኩን አሁንም አያነብም። ወይ የአሰብ አየር! ጨዉ ካቻቢቴዬን እንኳ አልማረልኝም።

ደብተሬ፣ አንቺ ታዘቢ። ት/ቤቱ አንድ መ/ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ወሰደ። ዓርብ ወላጆች ፊት ካልሠራ ይጣላል፣ ክፍሉም የሲሚንቶ መጋዘን ይሆናል ብለዋል ዳይሬክተሩ ጋሽ ግርማ። ልጆቹ ሌላ ኮምፒውተር ከየት ያያሉ? የእኔ አፍ ደግሞ መቼ ያርፋል! ሰው ሁሉ እየሰማ በእኔ ይሁንብዎ አልኳቸው። አንዱ መምህር፣ ራዲዮ ጠጋኝ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

ረቡዕ 7፣ ምሽት

አገኘሁት! ዲስኩን የሚያሽከረክረው ቺንጊያ በሙቀት ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ከራሴ ቴፕ ፈትቼ ገጠምኩለት፤ ልክክ አለ። ዲስኩን የት/ቤቱ ዕቃ ቤት ኃላፊ ወ/ሮ ለተብርሃን ዛሬም ጠዋት ሱቄ አድርሳልኝ ነበር። አሁን ሳስገባው ግርር አለና ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ማን ወለደ ብላ እየሮጠች መጣች። እኔ ነኝ የወለድኩት!

ለተብርሃን ዲስኩን መልሳ ወሰደች። ኮምፒውተሩን በጋሪ ላክሁ።

ሐሙስ 8፣ ጠዋት

አፈርኩ። ት/ቤት ላይ አላነበበም። ያው ዲስክ፣ ያው ድራይቭ። ጋሽ ግርማ አጠገቤ ቆመው ሲሚንቶው ነገ ይመጣል አሉ። ላብ በላብ ሆንኩ። ለተብርሃን "ኣጆኺ" እያለች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ማጽናናቷ ራሱ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ኧረ ጉድ! ለተብርሃንን ሌላ ዲስክ ስጪኝ ብላት ሄዳ ፍሪጅ ከፈተች። ዲስኮቹ በፌስታል ተጠቅልለው ከውሃው ጎን ተደርድረዋል። ሙቀት እንዳይበላቸው ብላ እኮ ነው! አሰብ ላይ ምኑ ፍሪጅ አይገባም? መድኃኒቱ፣ ሻማው፣ ሊፕስቲኩ። እኔም ቅባቴን እዚያው ነው የማኖረው፤ ምን ብዬ ልፍረድባት። ዲስክ ግን ከብርድ ወጥቶ ይህ እርጥብ አየር ሲያገኘው ያልበዋል፤ ያላበው ደግሞ አይነበብም። ረቡዕ እኔ ዘንድ ሲውል ደርቆ ነበር ለካ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሁሉንም አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እንዲያድሩ ተውናቸው። የድራይቩንም ሄድ እንደገና ጠረግኩ።

ዓርብ 9

አነበበ! በመጀመሪያው! ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ፤ ያ መምህር ሳይቀር። ደስታዬን የት ላድርገው? አባቴ ቢኖር ይችን ቀን ያያት ነበር።

ጋሽ ግርማ አመሰገኑኝ፤ ለሲሚንቶው ሌላ ቦታ ይፈለጋል አሉ። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በልጆች እጅ አይነካም፣ ዳንቴል ለብሶ ቢሮዬ ይቀመጥ፣ እንግዳ ይየው አሉ። ደሜ ፈላ። ለዳንቴል ነው እንዴ የለፋሁት? እዚያው ወላጆቹ ፊት፣ ልጆቹ ካልነኩት ምኑን ተሠራ አልኳቸው። ቢሰብሩትስ አሉኝ።

"ይስበሩት! እኔ ምን ልሠራ ተፈጠርኩ?"

ጋሽ ግርማ የክፍሉን ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ት/ቤት እውላለሁ። መጀመሪያ የሚሰብረውን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እንዴት እንደሚፈታ አሳየዋለሁ።