ወንድሜን ባለትዳር ላደረገው የደመወዝ ሰንጠረዥ

ለክቡር አቶ ኢሳይያስ
የሒሳብ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አቡዳቢ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ኤሲም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጧሂር እባላለሁ፤ እዚሁ አቡዳቢ ሙሳፋህ ሰፈር ጎማ ቤት የምሠራ፣ ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም የተለያየሁ፣ ከቀልድ ጋር ግን እስካሁን አብሬ የምኖር ወጣት ነኝ። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ለመጻፍ የሚያበቃ እውቀት ስለሌለኝ ብዕሬ ቢያጠፋ ይቅር ይበሉኝ፤ የእናንተም ብዕር ስላጠፋ እንቻቻላለን።

የመጣሁበት ጉዳይ «የሒሳብ ባለሙያ ከመጀመሪያ ቀን እስከ ጡረታ የሚያገኘው ገቢ» ብላችሁ በዋትሳፕ ያሰራጫችሁት ባለቀለም ሰንጠረዥ ነው። እንዲህ ያለ ቆንጆ ሥዕል አይቼ አላውቅም። ጀማሪ ስምንት ሺህ ድርሃም፣ ከስድስት ዓመት በኋላ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አርባ ሺህ፤ ከዚያ በላይ ያለው ረድፍ ቁጥር እንኳ የለውም፣ ወደ ሰማይ የምትሄድ ቀስት ብቻ ናት። ታላቅ ወንድሜ ሙባረክ እናንተ ዘንድ ሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀታችሁን ከአልጋው በላይ ሰቅሎ፣ እዚሁ ሙሳፋህ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሠርቷል። ደመወዙ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ቀስቷ ሳታየው አልፋው መሆን አለበት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሙባረክ አል ዓይን ከተማ ሕፃናት ማቆያ የምትሠራ ሚስራ የምትባል ልጅ ይወዳል። አባቷ ጋሽ ዓብዱልቃድር እዚያው አል ቶዋያ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በሹፌርነት ያገለገሉ፣ ጨዋ የወሎ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን፤ እኔም ተምር ተሸክሜ ተከተልኩ። ጋሽ ዓብዱልቃድር የልጁን ገቢ ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃዋል ብለው ወደ ተምሩ ተመለሱ። ያ ማድበስበስ አላስችል አለኝና፣ ለጨዋታ ያህል ስልኬን አውጥቼ ሰንጠረዣችሁን አሳየኋቸው። ላክልኝ አሉኝ፤ ላክሁላቸው። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ስንት ሰው ላይ ቀልጃለሁ፤ እንዲህ የተሳካልኝ ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን፣ ቁጥር ስለምትወዱ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጋሽ ዓብዱልቃድር ሰንጠረዡን በቀለም አሳትመው፣ የስድስት ዓመቱን ረድፍ በቢጫ አቅልመው ሙባረክን አስጠሩትና ቀሪው አሥራ አራት ሺህ ስምንት መቶ ድርሃም በየወሩ የት እንደሚገባ ጠየቁት። የለም ቢላቸው አላመኑም። አስበው አስበው የደረሱበት መልስ አንድ ነው፤ አገር ቤት ሚስት አለችው፣ በዚህ ሁሉ ፍሉስ፣ በዚህ ሁሉ ገንዘብማ ልጆችም ሳይኖሩት አይቀርም። በአንድ ወረቀት ለወንድሜ ትዳርም ዘርም ስለሰጣችሁት ቤተሰባችን ያመሰግናል። የልጆቹን ስም ብትልኩልን ደግሞ ለዒድ ልብስ እንገዛላቸው ነበር።

2ኛ. ሙባረክ የደመወዝ ወረቀቱንና የባንክ መግለጫውን ይዞ አል ዓይን ሄደ። ጋሽ ዓብዱልቃድር መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ፣ አጥፈው መለሱለትና «ልጄ፣ አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ወረቀት መሥራት ምን ይቸግርሃል?» አሉት። የሙያውን ክብር እዚህ ድረስ ላደረሳችሁት ለእናንተ ምን ቃል ይበቃል?

3ኛ. ቢሯችሁ ድረስ መጣን። እንግዳ የምትቀበለዋ እኅት ሶፊያ ውሃ ሰጥታ፣ ሰንጠረዡ አማካይ መሆኑን፣ አማካይ ማለትም የብዙ ሰው ደመወዝ ተደምሮ ሲካፈል መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችን። እኔ በስምንተኛ ክፍል ጭንቅላቴ እንደገባኝ ከሆነ፣ የሙባረክ ድርሻ ሲካፈል በስህተት ሌላ ሰው ኪስ ገብቷል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ቢነገረን በጨዋ ደንብ እናነጋግረዋለን። «ይህ ሰንጠረዥ ሙባረክን አይመለከትም» የሚል አንድ መስመር ከነማኅተሙ ብንለምናት፣ በምትኩ የቀጣዩን ደረጃ ሥልጠና በአራት ሺህ አምስት መቶ ድርሃም፣ ያውም በሦስት ጊዜ ክፍያ አቀረበችልን።

4ኛ. ስንወጣ በራችሁ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ፤ የሒሳብ ባለሙያ፣ ልምድ ስድስት ዓመት፣ ደመወዝ ሦስት ሺህ ድርሃም። ከደስታዬ ብዛት ፎቶ አንሥቼ ለጋሽ ዓብዱልቃድር ላክሁት። ይህንንማ የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ። ስሜን ስለማውቀው አልፈረድኩባቸውም፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ይዤ ብሄድ የሚገዛኝ አጣሁ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሚስራ ከእኛ ጋር ትስቅ ነበር። ማክሰኞ ደወለችና ሙባረክን «እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም። አለችህ?» አለችው። ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጋዘን ዕቃ ከወረቀት ጋር ሲያስማማ የኖረ ሰው፣ የሌለች ሴት አለመኖሯን በምን ሰነድ እንደሚያሳይ ጠፋው። ከዚያ ወዲህ ስቀልድበት ተው እንኳ አይለኝም። እኔም የማደርገው ስለጠፋኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጋሽ ዓብዱልቃድር ሚስት አለመኖሯን እንድናረጋግጥ የሰጡን ቀጠሮ እስከ ሻዕባን ወር መጨረሻ ብቻ ስለሆነ፣ ሰንጠረዡን እንድታነሡት ሳይሆን፣ ያ ድፍረት ይሆንብኛልና፣ ከግርጌው በጣም በትንንሽ ፊደል «ሙባረክም አለ» ብላችሁ እንድትጽፉበት በትሕትና እለምናለሁ።

ለዘለዓለም ወደ ላይ እያያችሁ እንድትኖሩ የሚመኝላችሁ፣ በሥዕላችሁ ውስጥ ረድፍ ያልደረሰው፣
ጧሂር፣ ሙሳፋህ፣ ከጎማዎቹ መካከል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ዜና ደረሰኝ። ባለፈው ጁምዓ አል ዓይን ጸጉር ቤት የሚሠራ አንድ ወንድማችን ለሚስራ ሽማግሌ ልኳል። ገቢው ሲጠየቅ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው ተባለ፤ ጋሽ ዓብዱልቃድር ወዲያው አመኑ፣ ሻይም አስደገሙ። ለጸጉር ቆራጮች ሰንጠረዥ ስላላወጣችሁ በእሱ ስም አመሰግናለሁ።