ማንም ያልሣላት «ኋ»

ውድ ጋሼ ዘርአ ዳዊት፣

ስለ ጤንነትዎ ጠይቄ መጀመር ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እርስዎን ከወሰዱዎት ወዲህ በዚያ ክፍል የሆነውን ልንገርዎት። እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩም።

ለተጊዮርጊስ ነኝ፤ የአንኮበሩ የቄስ ወልደ ሰንበት ልጅ። ከዓሊዩ አምባው ነጋዴ ልጅ ከአብዱልጀሊል ጋር ጐን ለጐን እቀመጥ የነበርኩት። በ1980 ደብረ ብርሃን ማሠልጠኛችን ሲመጡ፣ ከተማሩበት ከቡዳፔስት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ካርቶን ዲስክ ይዘው ነበር። የተሰጠን ክፍል ድሮ የሱፍ መጋዘን ስለነበረ፣ ጉም በገባ ቁጥር ግድግዳው ረጥቦ የበግ ሽታ ይሸተን ነበር፤ በጎቹ ገና እዚያው ያሉ ይመስል።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ከባዶ ያስጀምረን ነበር። እርስዎ ግን ያለቀ ፕሮግራም አምጥተው ሆዱን ከፍተው አሳዩን። ጽሑፍ መጻፊያ ነበር፤ በየአገሩ ያሉ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እየተቀባበሉ የሠሩት። «ማንም ያነበዋል፤ ማንም ያርመዋል። ያረመውን ግን ሳይደብቅ ለሌላው ያቀብላል» አሉን። ፕሮግራሙ አማርኛ አያውቅም ነበር። እኛ እንድናስተምረው አደረጉ።

ንድፍ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አብዱልጀሊል ፊደል የሚሥለውን ክፍል ቁልፍ ከሚያነበው ክፍል ጋር ሲደባልቀው ትዝ ይልዎታል? «የጐረቤትህን ድስት አታማስል» አሉት። «እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሥራ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አብሮት እንዳይተኛ።» ከዚያ የፊደል ገበታውን ተከፋፈልን። እያንዳንዱን ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየሣልን ወደ ማሽኑ እናስገባ ጀመር። «ዲቃሎቹን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ፤ ጐን፣ ኰን፣ ቈን፣ ኈን ከነዘመዶቻቸው። «በጠባብ ቦታ ብዙ መሸከም ስላለባቸው ያስቸግራሉ።» የጐን መልክ ብቻ ሰሌዳው ላይ ሣሉልን፤ እግሯ ላይ ትንሽ ጭራ ቀጥለው።

ወደ ማሽኑ ሳያስገቧት ወሰዱዎት።

የዚያን ቀን ጉሙ መስኮቱን እንደ ቡልኮ ሸፍኖት ነበር። የማሠልጠኛው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ወልደአረጋይ ሳያንኳኳ ገባ።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለ ስክሪኑን እያሳየ።

«ብዙ ሰዎች» አሉት እርስዎ።

«ስማቸው?»

«የጥቂቶቹ አለ። የቀሩትን አላውቃቸውም።»

«ደመወዝ የሚከፍላቸውስ?»

«ማንም።»

«የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ያለ ደመወዝ፣ በእጅ እየተቀባበሉ የሚጽፉት ጽሑፍ» አለ ቀስ ብሎ። «ጓድ መምህር፣ እኛ እኮ ይህን ነገር በሌላ ስም ነው የምናውቀው።»

እርስዎ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ያን ሳቅ መልሼ በዋጥኩልዎት ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። ላንድሮቨሩ ከግቢው ሳይወጣ ጉሙ ዋጠው። ድምፁ ግን ቶሎ አልጠፋም፤ የሚሄድ ሳይሆን ባለበት የሚዞር ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጓድ ወልደአረጋይ ተመልሶ መጣ። «ከእናንተስ ውስጥ በዚህ ላይ የጻፈ ማን ነው?» አለ። አብዱልጀሊል ብድግ አለና «እኔ» አለው። «እኔም» አልኩ። ከኋላችን ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሁላችንም ጽፈንበታል። ከሁላችን ማንን እንደሚያስር ጠፋው መሰለኝ። ከሚኒስቴር የሚመጡ እንግዶች አማርኛ የሚጽፈውን ማሽን ያያሉ ተብሎ ስለነበር ትምህርቱ እንዲቀጥል ተፈቀደ። ቁልፉን ግን እሱ ያዘው። ጠዋት ይከፍትልናል፤ ስንወጣ ይቆልፋል።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው።

አንድ ጠዋት አብዱልጀሊል ልማድ ሆኖበት «ጐረቤት» ብሎ ጻፈ። የእርስዎ ፊደላት እስከዚያ ድረስ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር የሚወጣላቸው። ያን ቀን ጐ ወጣች፤ እግሯ ላይ ያቺን ጭራ ይዛ።

«አዑዙ ቢላሂ!» ብሎ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ።

ማን እንደሠራት ተጠያየቅን። ሁሉም ማለ። ፕሮግራሙን ከፍተን ስናይ በትክክለኛ ቦታዋ ገብታለች፤ የማንንም ድስት አልነካችም። ሰንበት ብላ ኰ መጣች፤ ከዚያም ቈ። አንድ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ስገባ ወንበርዎ ከጠረጴዛው ሳብ ብሎ አገኘሁት። መቀመጫውን በእጄ ዳሰስኩት። በዚያ ብርድ፣ ሙቅ ነበር።

አንዳንዶቹ ልጆች ክፍሉን ፈርተው መቅረት ጀመሩ። «ጋሼ ሞተዋል፤ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ነፍሳቸው አልሄድ ብላ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ለፋሲካ አንኮበር ስወጣ ለአባቴ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ «ልጄ፣ መንፈስ ቁልፍ አይፈልግም፤ ሰው ነው የሚፈልገው። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አለኝ።

እንደተመለስኩ ጐህ ሲቀድ ሄጄ በመስኮቱ አሾለቅሁ። ጓድ ወልደአረጋይ ካፖርቱን እንደደረበ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ እያሰፈረ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በሩን ገፍቼ ገባሁ። ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ።

«የተደበቀ መልእክት ፈልግ ብለውኝ ነበር» አለኝ። «መስመር በመስመር አነበብኩት፤ የማይገባኝን ከመጽሐፍ እየፈለግሁ። መልእክት የለውም። ግን አንብቤ ስጨርስ ጐደሎው ታየኝ። ጐደሎ አይቶ መተው አቃተኝ።»

«መልእክት እንደሌለው ለበላዮችዎ ነግረዋል?»

«ጽፌያለሁ።» ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። «መልስ አልመጣም።»

«ጭራዋንስ ከየት አመጧት?»

በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። እርስዎ የሣሏትን ጐ አንዳችንም አላጠፋናትም ነበር።

ለአብዱልጀሊል ብቻ ነገርኩት። ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት አዲስ ፊደል መጠበቅ ጀመርኩ። በመጨረሻ የቀረችው ኋ ነበረች። እሷ ሳትኖር «በኋላ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ጓድ ወልደአረጋይ «ይቺስ አቃተችኝ፤ ትቻታለሁ» ብሎኝ ነበር።

ሰኔ ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኋ ወጣች።

በሩን ከፍቶልን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ላመሰግነው ጠራሁት። ጐንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቺን እኔ አልሠራኋትም።»

«ማን ይሆናል ታዲያ?»

«ለስብሰባ ደብረ ሲና ነው ያደርኩት፤ መድረሴ ገና አሁን ነው። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም።»

አብዱልጀሊል በአላህ ማለ። እኔ ወንበሩን ዳሰስኩ። በቦታው ነበር፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በሳምንቱ እህትዎ እትዬ ባፈና ልብስዎን ሊወስዱ ከአዲስ አበባ መጡ። እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልሱልዎት እሳቸው እንደነበሩ ያኔ አወቅሁ። ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መልሶ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ቀኑን ጠየቅኋቸው። ያው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለምን እንደጠየቅኋቸው አልነገርኳቸውም፤ ልብሱን አጣጥፈን ብቻ አብረን አለቀስን።

እንግዶቹ መጥተው አጨብጭበው ሄዱ። ጓድ ወልደአረጋይ በዚያው ክረምት ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ግቢውን ለቀቀ። የት እንዳለ አላውቅም።

አሁን በዚያ ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ። የወታደር መኪና ቀኑን ሙሉ በደሴ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በሚመጣው ወር ይህ ግቢ የማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ፕሮግራሙ ግን አብዱልጀሊል በአባቱ የጭነት መኪና ደሴም ጅማም አድርሶት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ያረሙት እየተመለሰልኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ማንም አልነካም። ኋ ጠማማ ናት፤ የእግሯ የመጨረሻ ነጥብ ዝቅ ብላ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ትጣበቃለች። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም «ተዉአት፤ ሌላ ሥራ አለ» እላቸዋለሁ። ዛሬ ነሲባ የምትባል ልጅ አልለቅም አለችኝ። «ቲቸር፣ ማን ስለሠራት ነው የማትነካው?»

ይህን ያህል ጊዜ እንደ ታቦት ሳከብራት እርስዎ ቢያዩኝ እንደሚቆጡኝ ወዲያው ተሰማኝ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከነሲባ ጋር ያቺን ነጥብ ወደ ላይ ከፍ እናደርጋታለን።

ካልተስማሙበት፣ ጋሼ፣ መልሰው ያርሙን።

ተማሪዎ
ለተጊዮርጊስ ወልደ ሰንበት
ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 1983