ሰይድ እግሩን የሚታጠብበት ቅርንጫፍ

ቅዳሜ

ዛሬም እግሩን ቅርንጫፌ ላይ ታጠበ። ይሄን ሁሉ ግቢ ትቶ። ድሮ በርሜሉ ጋ ነበር ውዱእ የሚያደርገው፤ የዘይቱኑን ቅርንጫፍ አፈር ውስጥ ከቀበርኩ ወዲህ ግን ማንቆርቆሪያውን ይዞ እዚያው ቁጢጥ ነው። እኔን ለማብገን ካልሆነ ለምን?

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው። ማሰብ አይወድም። እናታችን የተከለችውን ዘይቱን ሐሙስ አስቆርጦ መንገድ ዳር ሱቅ ሊሠራ ነው። ከፍሬው ዘር ተክዬ አይቻለሁ፤ የወጣው ሌላ ነገር ነው፣ ውስጡ ነጭ፣ ጣዕም የለሽ። የእናቴ ውስጡ ቀይ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ሳልቆርጥ ወደ መሬት አጎበጥኩት፣ ከታች በኩል ልጡን ላጥኩለት፣ አፈር አልብሼ ድንጋይ ጫንኩበት። ጫፉን ውጭ ተውኩት። ሥር ካወጣ ቆርጬ ጓሮ እተክለዋለሁ። ካላወጣ የእናቴ ዘይቱን እዚህ ላይ አበቃ።

ስቀብረው ሰይድ ምን አለ? «ጀናዛ እንስገድበት እንዴ?» ጓደኞቹ ሳቁለት። ጫቱን የሚገዛው እሱ ነው፤ ምን ያድርጉ።

እሁድ

ግንበኛው መጥቶ በገመድ ለካ። ሰይድ ከኋላው እጁን አጣምሮ እንደ መሐንዲስ ራሱን ይነቀንቃል። እስከ ዛሬ የጀመራቸው፦ ዶሮ (አለቁ)። ንብ (ሄዱ)። ባጃጅ (ተሸጠ)። አሁን ደግሞ ሱቅ። ለዚህ ነው ዛፉ የሚወድቀው።

ሰኞ

የቧንቧ ውሃ ከሄደ ሰነበተ። ለቅርንጫፉ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን ከምሠራበት ስፌት ቤት ስመለስ ባዶ አገኘሁት። «ለሰላት ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። በሰረቀው ውሃ ታጥቦ ለጌታው ይሰግዳል። ድንጋዩ ዙሪያ እሾህ ከመርኩበት።

ማክሰኞ

እሾሁን አንስቶ ታጠበ። ጮህኩበት። «ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ እህቴ? ውሃ ነው እኮ፤ ቤንዚን መሰለሽ?» አለ። መልስ የማይገባው ሰው ነው።

ረቡዕ

ቆፍሬ ማየት አማረኝ፤ ሥር ካለው ይበጠሳል ብዬ ፈራሁ። ቅጠሉ አልረገፈም፣ ግን ገና ከዛፉ ጋር ስለሆነ ምንም ማለት አይደለም። እኔ የማጠጣው ማታ ማታ አንዲት ጣሳ ነው፤ በዚህ በከሚሴ ሙቀት እስከ ቀትር ክው ይላል። አፈር ውስጥ ያለው በቃ ደርቋል። የሰይድን ፊት ላለማየት እራቴን ክፍሌ በላሁ።

ሐሙስ

ቆራጮቹ ሳይመጡ ቆፈርኩ። ግቢው ሁሉ ድርቅ ብሏል፤ ቅርንጫፉ ጋ ግን አፈሩ እስከ ታች እርጥብ ነው። ሥር አውጥቷል። ነጭ፣ ቀጫጭን፣ ብዙ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የኔ ጣሳ ይህን አላደረገም። ቀን ቀን ውሃ የሚያፈስበት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሆነ ብሎ ይሁን ሳያስበው፣ አልጠየቅኩትም። ከጠየቅኩት የሚኮፈሰውን አልችለውም።

ቆርጬ ጓሮ ተከልኩት። ዛፉ ከቀትር በፊት ወደቀ።

ለዙህር ሰላት ሰይድ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ። በርሜሉን አለፈ። ጓሮ ገብቶ ችግኙ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። ይጽደቅ አይጽደቅ ገና አላውቅም። ሰይድ አሁንም ያው ሰይድ ነው። እሾሁን ግን መልሼ አልከመርኩም።