የጭንቅላቴ ፎቶና የከድጃ ወሬ

ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ደብተሬ፣ መዝገቡ ይስተካከል። እትዬ አሰገደች ባዶ እግራቸውን አማን ገበያ ሲዞሩ ተገኙ ይባላል። ሐሰት። ጫማ አድርጌ ነበር፤ ካልሲም ጭምር። ገበያም አልደረስኩ። ወሬው የወጣው ፊት ለፊቴ ካለው ከከድጃ ሱቅ ነው። የጅማ ልጅ ናት፣ ደግ ናት፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም።
እውነቱ ይህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬ ከሃያ ዓመት በፊት ተከራይቼው ወደነበረው ቤት ወሰደኝ። አቮካዶዬን ማን ቆረጠው ብዬ ሰዎቹን ተቆጣኋቸው። ወንበር ሰጡኝ። የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።
ለልጄ ለጽጌ አልነገርኳትም። ከድጃ ደውላላታለች።

ኅዳር 11
ጽጌ ከሐዋሳ መጣች። ጅማ ሄደን ጭንቅላትሽ ፎቶ ይነሣ አለች። ክፉ ከሆነ ቤቱ ይዘጋል፣ እኔም ሐዋሳ ከእሷ ጋር እገባለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ አንድ እግር ጎመን የሚተከልበት የለም። እሺ አልኩ። ፍ/ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ማስረጃ አይፈራም።
ትንሽ እፈራለሁ።

ኅዳር 14፣ ጅማ
ሲቲ ስካኑ ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ ክፍት። ተኝቼ ገባሁ። አይንቀሳቀሱ አሉኝ። አዳሪ ት/ቤት ላደገ ሰው ይህ አይነገርም። ቶሎ አለቀ።
ቀጥሎ ዶ/ሩ ጥያቄ ያዘ። ለጋ ነው፣ ትሑት። እማማ አለኝ፤ ስሜን ነገርኩት። ወቅቱ ምንድን ነው? መጸው። ወረቀቱ በጋ ይላል። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መሆኑን አስረዳሁት። ሳቀ፣ ነጥቡን ሰጠኝ። ደስ አለኝ።
ከዚያ ሦስት ቃል በቃሌ እንድይዝ ነገረኝ። ቆይቶ ጠየቀ። ወንበር። ደመና። ሦስተኛው የለም፤ ቦታው ባዶ። ነጥብ አልለመንኩም።

ኅዳር 15
ፎቶውን በስክሪን አሳየን። ደም አልፈሰሰም፣ እጢ የለም። ግን አንጎሌ ከአጥንቱ ጥቂት ሸሽቷል፤ በደንብ እንደደረቀ ጀንፈል ቡና፣ ፍሬው ከገለባው ለቅቆ። ብነቀነቅ ይንኳኳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይንኳኳም አለ። ጽጌ ግን አለቀሰች።
ፎቶ ብቻውን አይፈርድም አለን። እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ ቤቱን በወጉ የሚመራ አለ፤ ፎቶው አምሮ መንገድ የሚጠፋበትም አለ። መርሳቱ ጀምሯል፣ ገና ቀላል ነው። በየቀኑ የሚያየኝ ሰው ካለ ቤቴ መኖር እችላለሁ፤ በዓመቱ እንመለስ።
ጽጌ፦ ማን አለ?

ኅዳር 16
አውቶቡስ ላይ፣ ቦንጋ ስንደርስ፣ ብርቱካን አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ሰው ዞረ። ጽጌ አሁን አይቆጠርም አለች። አውቃለሁ። ግን መጣ።
ሌላም ነገር መጣልኝ። አልነገርኳትም፣ ይደር።

ኅዳር 17፣ ከሰዓት 10 ሰዓት
ጽጌን ይዤ ከድጃ ሱቅ። ስታየኝ ስኳር መመዘን ጀመረች፣ ገዢ ሳይኖር። መለዋወጫ ቁልፌን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።
«እትዬ፣ የጫማውን ወላሂ እኔ አልጨመርኩም።»
መውጣት መግባቴን ከአንቺ በላይ የሚያይ የለም አልኳት። ወሬ ተዪ አላልኩም። ስሳሳት መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለጽጌ፣ ከዚያ ለፈለግሽው ንገሪ።
«ሦስተኛ እስኪደርስ ወሬው ይበርዳል እኮ።»
ይብረድ አልኩ። ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ጽጌም እስከ ዓመቱ እንሞክረው አለች። ተስማማን።

ነገ መጀመሪያ፦
ጽጌን መናኸሪያ መሸኘት። ስመለስ በዋናው መንገድ ብቻ።
ቀጥሎ እነዚያ ሰዎች ቤት፣ የማን ቤት እንደሆነ እያወቅኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። የአቮካዶ ችግኝ ይዤ።
ከድጃ እንዳትደነግጥ ወዴት እንደምሄድ ቀድሜ ልንገራት።