ያላነሳሁት ጄት

ወንዳወቅ ወዳጄ፣

አደራህን በልቻለሁ። ጄት ሲያርፍ የሚያሳይ ፎቶ ፍኖተ ሰላም ላለው ስቱዲዮህ መስኮት እንዳመጣልህ ብለህ ረጅሙን ሌንስህን አውሰኸኝ ነበር። ዕድሉ ዛሬ መጥቶ አለፈ።

በመጣሁበት የአውሮፕላን ትርዒት ላይ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የማረፊያው አጥር ሥር ተደርድረናል። አንዱ የጦር ጄት ሲያርፍ የፊት ጎማው ታጠፈና አፍንጫው አስፋልቱን እየፋቀ፣ እሳት እየረጨ በፊታችን አለፈ። ከግራም ከቀኝም ካሜራው ይንጣጣል። እኔ ካሜራውን አንገቴ ላይ ለቅቄ፣ ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ «እኔን! እኔን!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ጅጋ ገበያ ሰው አዳልጦት ሲወድቅ እንደምንለው።

ጄቱ ሲቆም አብራሪው በእግሩ ወርዶ እጁን አወዛወዘ። አጠገቤ የነበረ ጠና ያለ ፈረንጅ ፎቶ አንሺ «ዘመድህ ነው?» አለኝ።

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው የጮህከው?»

«በሱ ፈንታ እኔ ልውደቅ ነው ያልኩት።»

ካሜራውን አዙሮ አሳየኝ። ለካ ጄቱን ትቶ እኔን አንስቶኛል። ይህን የምጽፍበትን ካርድ ገልብጠህ እየው፤ ፎቶውን እዚሁ ትርዒቱ ላይ ካለ የማተሚያ ድንኳን ነው ያሳተምነው።

ሌንስህ ደህና ነው። አምለሰትን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ቦታው አለቀብኝ። ካርዱን ለእናቴ አሳይልኝ። ፊቴን ስታይ «የማን ልጅ ወድቆ ነው?» ማለቷ አይቀርም። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ከመጠየቋ በፊት መትረፉን ንገራት።

አንዷለም